ማይኩን ሳላነሳላቸው

ሰኞ

ይሄን ደብተር የገዛሁት ስንት ገመድ ይዘን ወጣን ስንት ይዘን ገባን ብዬ ልመዘግብበት ነበር። ጆሮ እሱን በስልክ እንይዘዋለን አለኝ፣ ደብተሩ ባዶውን ቀረ፣ ታዲያ ይበላሽ እንዴ። ጆሮ የድምፅ ባለሙያችን ነው፣ ሌላ ስም አለው ግን ማንም አይጠራውም። እኔን ደሞ ቀጭን ስለሆንኩና ቀኑን ሙሉ ገመድ ስጠቀልል ስለምውል ክሯ ይለኛል። አልጠላሁትም።

የድሮ ወታደሮችን ነው እየዞርን የምንቀርጸው። በቴሌቪዥን ስድስት ክፍል ሆኖ ይወጣል አሉ። ዳይሬክተሯ አለች፣ ካሜራማኑ አለ፣ ጆሮ አለ፣ መጨረሻ ላይ እኔ አለሁ። የኔ ሥራ ሽማግሌዎቹ ሸሚዝ ላይ ማይክ መሰካት፣ ድምፁን ያለ ገመድ የምትልከውን ትንሿን ሳጥን ቀበቷቸው ላይ ማንጠልጠል፣ ሲያልቅ ማንሳት። በቃ ይቺው ናት። እሷንም እንዳላበላሽ ሌሊት ሌሊት እባንናለሁ።

በፊት እሠራበት ከነበረው ልብስ ማጠቢያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እጄ የሰው እጅ መስሏል። ወደዛ እንዳልመለስ ብቻ።

ረቡዕ

የዛሬው ሰውዬ አንድ እግራቸው የእንጨት ነው። ዳይሬክተሯ ስትጠይቃቸው ደረታቸውን ነፍተው ሪፖርት ያቀርባሉ፣ በታዘዝነው መሠረት፣ በተባለው ቦታ፣ እንዲህ እንዲህ። እሷ እስክሪብቶዋን ታኝካለች። መሀል ላይ ማይኩ ሸሚዛቸው ውስጥ ገብቶ ይፋጭ ጀመር፣ ላስተካክል ስጠጋ ወደኔ ዞር አሉና፣ አንቺ ልጅ፣ ለሦስት ሰው አንድ ደረቅ ካልሲ ሲኖር ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። በተራ ነዋ፣ እኔ ጋ ተራው ሲደርስ እግሬ የለም፣ ብለው ከት ብለው ሳቁ። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ከአፏ አወጣች። ከዛ በኋላ አጭር በርጩማ አምጥታ ካሜራው ሥር አስቀመጠችኝ። ምንም አትናገሪ፣ ዝም ብለሽ ስሚያቸው፣ ላንቺ ያውሩ አለችኝ። ጆሮም ማዳመጫውን እኔ ጭንቅላት ላይ ደፋልኝ፣ ለኔ ያው ነው ብሎ። ለካ ማዳመጫ ሲደረግ ሰው ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። ምራቅ ሲውጡ። ሊዋሹ ሲሉ ወይም ሊያለቅሱ ሲሉ አንድ ነገር አለ፣ ጉሮሯቸው ጋ፣ ስሙን አላውቀውም።

ሲያልቅ ማይኩን ቶሎ አላነሳሁላቸውም፣ ረስቼ ነው። ኮሪደሩ ላይ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ደስ ይላል።

ቤት ስገባ አባዬ መስኮቱ ጋ ነበር። አባዬም ወታደር ነበር። ሥራ ቦታ አባትሽ ምን ነበሩ ሲሉኝ ሾፌር አልኳቸው። ውሸት አይደለም፣ መኪናው የጦር መኪና መሆኑን ነው ያልተናገርኩት። ለምን እንዳልተናገርኩ እንጃ።

ዓርብ

እንደገና ረሳሁ። የዛሬው ሰውዬ ከነማይካቸው ጓሮ ወጥተው ለውሻቸው፣ ዛሬ ብዙ ቀባጠርኩ፣ ምን ይሉኝ ይሆን እያሉ ሲያማክሩት ቆመው ነበር። ጆሮ መጥቶ፣ ክሯ፣ ሰውየው ሽንት ቤት ቢገባም አብረሽው ልትገቢ ነው እንዴ አለኝ። ፊቴ ቲማቲም ሆነ። ረስቼ ነው አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። ደግሞ ይሄ ሰው ሲያይ ልክ እንደሚሰማው ነው።

እሑድ

አባዬን ጠየቅኩት። እንዲሁ፣ ሸሚዙን እየተኮስኩ። አባዬ ሰው ተሸክመህ ታውቃለህ አልኩት። ዳቦ አልቋል፣ ግዢ አለኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ሁልጊዜ። እናቴ በሕይወት እያለች በዚህ ነገር ስትነጫነጭ፣ ከግድግዳ ጋ ነው ያጋቡኝ ትል ነበር።

ማክሰኞ ማታ

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ካላማረ ይቅር።

ዛሬ ሃምሳ አለቃ ቤት ሄድን። ዳይሬክተሯ ስለሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስታወራ ነበር፣ ክፍል ሦስት ሙሉ የሳቸው ነው ትል ነበር። እውነቷን ነው። ሲያወሩ ሰው አፍ ያስከፍታሉ። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ እሳቸው ሶፋቸው ላይ ሆነው ለኔ ብቻ የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። አንድ ጓደኛ ነበረኝ አሉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ የምንተኛ። ሲያፈገፍጉ ሆዱን ተመታ። ወንዙ ሞልቷል፣ ከኋላ እየመጡባቸው ነው። አዘልኩት አሉ። ወንዙን ተሻግረው ሌሊቱን ሙሉ ተሸክመውት ሄዱ። እንዴት እንደሚቀልዱ ደሞ፣ ጓደኛዬ ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ ጥይቱ አልገደለኝም አንተ ስትወዘውዘኝ ልሞት ነው ይለኝ ነበር አሉ። ሳቅን። ከዛ ሊነጋጋ ሲል ኮረብታው ላይ ዝም አለ አሉ። በእጄ ቆፍሬ ቀበርኩት አሉ። ካሜራማኑ ካሜራውን የሚጠርግ አስመስሎ ዓይኑን ጠረገ። እኔማ ተዉኝ።

ዳይሬክተሯ ተነስታ እጃቸውን ሳመች። ጆሮ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ፣ የመቅጃውን ቦርሳ እኔ ጭን ላይ ትቶት። ሃምሳ አለቃ ጉሮሮዬ ደረቀ ሻይ ልጠጣ ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ማይኩን ሳላነሳላቸው። መቅጃውንም ሳላጠፋው። ረስቼ ነው ልበል? ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ከንግግራቸው ገና አልወጣሁም ነበር፣ ምን አውቃለሁ።

ወጥ ቤት ሚስታቸው ነበሩ። ዕቃ ሲያጥቡ ውሃው ይሰማል። ከዛ ሃምሳ አለቃ፣

«ዛሬም ተሸከምኩት» አሉ።

ሚስታቸው ውሃውን ዘጉት። ተው እንግዲህ፣ ልጆቹ ገና አልሄዱም አሏቸው። እሳቸው ግን አላቆሙም። እዛ ሳሎን የነበረው ድምፃቸው አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው፣ ትንሽ ልጅ ነው የሚመስለው።

«ትቼው ነው የመጣሁት። ዳር ላይ አስቀምጬው፣ ተሻግሬ መጥቼ እወስድሃለሁ አልኩት። አልተመለስኩም። መጮህ አቅቶት ያፏጭልኝ ነበር። ከወዲያ ማዶ ሆኜ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።»

ከዛ አፏጩት። በቀስታ፣ ሦስት ጊዜ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። 

ሚስታቸው ውሃውን መልሰው ከፈቱና፣ ሻይህ በረደ አሏቸው።

መቅጃውን ያጠፋሁት ያኔ ነው። ሲመለሱ ማይኩን ሳነሳላቸው ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ጎበዝ ልጅ፣ አስለቀስኩሽ አይደል አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

የሰው ገመና ሰማሁ። ምን ልሁን።

ረቡዕ

ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮ የትላንቱን ድምፅ ወደ ቢሮ ማሽን ሲገለብጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትንሽ ድምፅ ማጥፋት ይቻላል ወይ አልኩት፣ እንደ ዋዛ። የምን ድምፅ አለኝ። እንዲሁ፣ የማያስፈልግ ከሆነ አልኩት። እኔ ጋ የገባ ድምፅ አይጠፋም አለኝ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል አልሰማሽም።

የቀረጽነውን ቢሮ ሆኖ ቆርጦ የሚቀጥለው ኤዲተር ገና ክፍል አንድ ላይ ነው። ክፍል ሦስት ጋ ሲደርስ ይሰማዋል። እሱ ደሞ ማስነጠስ እንኳን አያመልጠውም።

ዓርብ

ነገሩ ባሰ። ዳይሬክተሯ የሟቹን እህት አገኘቻቸው፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ለካ ከሃምሳ አለቃ ጋር አንድ ከተማ ነው ያሉት። ሃምሳ አለቃ ከጦርነቱ ከተመለሱ ጀምሮ እህትየው እንደ ወንድም ነው የሚያዩአቸው። በእህትየው ገበታ ራስጌ ሃምሳ አለቃ የራሳቸው ወንበር አላቸው፣ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ጎረቤት ሲመጣ፣ ወንድሜን የተሸከመው ሰው ይሄ ነው ብለው ነው የሚያስተዋውቋቸው።

ዳይሬክተሯ ደስታዋን አልቻለችውም። የክፍል ሦስት መጨረሻ እህትየው ቤት ይሆናል አለች። እህትየው በካሜራ ፊት አቅፈው ያመሰግኗቸዋል። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እቅፉን ብቻ ነው የምፈልገው አለች። ካሜራማኑ ከየትኛው በኩል ብርሃን እንደሚገባ ያወራል። እኔ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ጠቅልዬ ስጨርስ እፈታዋለሁ፣ እንደገና እጠቀልለዋለሁ።

ብናገር ማይክ እንዳላነሳሁ ይታወቃል፣ ያባርሩኛል። ሃምሳ አለቃም ይዋረዳሉ። ዝም ብል ደሞ እኚያ ሴት ዓለም እያየ ላልሆነ ነገር ያመሰግናሉ። የማይሆን ነው። ግን እኔ ማነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነገር የሚያውቁ ሰዎች ያስቡበት።

እኛ ጋ የሚያውቅ ግን ከኔ ሌላ የለም።

ሰኞ

ቀረጻው ተራዘመ። ሃምሳ አለቃ አመመኝ ብለው ደወሉ። ዳይሬክተሯ ስልኩን እንደዘጋች ካሜራማኑ፣ ጀግና ሲያረጅ ካሜራ ይፈራል አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ሐሙስ

ተቻኩያለሁ። መኪናው እየጠበቀኝ ነው። ሃምሳ አለቃ እሺ ብለዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት። ዳይሬክተሯ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለምናቸው ነው። ሚስታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም አለች፣ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር አለች፣ ደረቅ ሴትዮ ናቸው አለች።

ደረቅ አይደሉም። ላስረዳት አልቻልኩም።

ዓርብ ማታ

አልተኛሁም። ያቺ ፉጨት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ዕቃ ሳጥብ ትመጣለች፣ ውሃ ሲፈስ ትመጣለች። አንዴማ ሳላውቀው ከአፌ ወጣች፣ አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ምን አለ በሉኝ፣ ሴት ልጅ አታፏጭም አለኝ።

ሳስበው ሳስበው ለዳይሬክተሯ መንገር አልችልም። እሷ ከሰማች መቅጃ ውስጥ ያለውን ታወጣዋለች። ክፉ ሆና አይደለም። ሥራዋ ነው፣ ዶሮ ጥሬ ካየች መልቀም ነው። ለጆሮም አልነግረውም። ለማን ነው ታዲያ የምነግረው? የነገሩ ባለቤት ማነው? ሃምሳ አለቃ ናቸው። ለሳቸው መንገር አለብኝ። ሰማሁዎት ማለት አለብኝ። 

ሽማግሌ ሰው ደንግጠው ቢወድቁስ። በኔ ምክንያት ቢሞቱስ።

ቅዳሜ ማታ

አባዬ ተኝቷል። ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ አንድም ሳላስቀር።

እህትየው ቤት በጠዋት ደረስን። ንጹሕ ቤት ነው፣ ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ አለ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳ። ሴትየዋ ረጅም ናቸው፣ ለቀረጻው ብለው አዲስ ሹራብ ለብሰዋል፣ የዋጋው ወረቀት ክንዳቸው ሥር ተንጠልጥሎ ነበር፣ ቆርጬ አነሳሁላቸው። ተባረኪ አሉኝ።

ሃምሳ አለቃ ቆይተው መጡ፣ ኮት ለብሰው፣ ሜዳሊያ አድርገው። ግቢው ውስጥ በሩ ጋ ማይክ ልሰካላቸው ሄድኩ። ሌሎቹ ውስጥ መብራት ያስተካክላሉ። መርፌ ቁልፏ አልገባ አለችኝ፣ ሁለቴ ጣቴን ወጋችኝ። ምን ያንቀጠቅጥሻል ልጄ፣ በርዶሻል አሉኝ። ያኔ ወጣ፣ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ አንገቴን ደፍቼ ለኮታቸው ቁልፍ ነው የነገርኩት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ባለፈው ቤትዎ ማይኩን ሳላነሳልዎ ወጥ ቤት ገቡ። ሰማሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

 ኮታቸው ሲነሳና ሲወርድ ይታየኛል፣ ትንፋሻቸው ነው።

«ሁሉንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

«ፉጨቱንም?»

አዎ አልኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ማይኩን ራሳቸው ነቀሉት፣ ሳጥኗንም ከቀበቷቸው ፈቱ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። እጃቸው ብርድ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሚስቴ ብቻዋን ነው የተሸከመችኝ» አሉኝ።

ከዛ ገቡ። ዳይሬክተሯ ቆይ ሃምሳ አለቃ፣ መጀመሪያ ሲገቡ ነው የምንቀርጸው አለቻቸው። በአጠገቧ አልፈው እህትየውን በክንዳቸው ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቧቸውና በሩን ዘጉት።

ሁላችንም ቆምን። ዳይሬክተሯ፣ ድምፅ አለ ብላ ጆሮን ጠየቀችው። የለም አለ። ወደኔ ዞረች። ማይኩ እጄ ውስጥ ነው፣ መደበቅ እንኳን አላሰብኩም። ምን እየሆነ ነው አለች። አላውቅም አልኳት። ካሜራማኑ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከውስጥ ምንም አይሰማም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። መብራቱ እየጋለ ቀለም ቀለም ይሸታል። እኔ የምጠብቀው ጩኸት ነበር። ጩኸት የለም። ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ቆይቶ በሩ ተከፈተ። እህትየው ናቸው። ፊታቸው ደርቋል፣ እንባ የለም፣ ብቻ በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰለኝ። ከኋላቸው ሃምሳ አለቃ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፣ ራስጌ ያለው የራሳቸው ወንበር ላይ አይደለም፣ ሌላኛው ላይ።

«የሰማችው ልጅ የቷ ናት?» አሉ።

ዳይሬክተሯ ምኑን እማማ አለቻቸው። እኔ እጄን አነሳሁ፣ እንደ ተማሪ። ዳይሬክተሯ ሰማሽ ማለት ምንድነው አለችኝ። ነገርኳት። ማይኩን ሳላነሳ፣ መቅጃውን ሳላጠፋ፣ ወጥ ቤት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፣ መጀመሪያ ንዴት፣ ከዛ ሌላ ነገር፣ ያ የፈራሁት ነገር፣ ዓይኗ በራ። ግን እህትየው አላስጨረሷትም።

«አርባ ዓመት ሙሉ አንዱን ሲነግረኝ አመንኩት» አሉ። «ዛሬ ደሞ ሌላውን ይነግረኛል። የቱን ልመን? ፊት ለፊት ሰው ያሳምራል። ለሚስቱ ያለውን አሰሚኝ።»

ጆሮ ቦርሳውን ከፈተ። የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳን ሳልነግረው ወዲያው አወጣው፣ ፈጣን ነው ጆሮ። ማዳመጫውን ለኔ ሰጠኝ፣ አንቺ አድርጊላቸው አለኝ።

ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሻርፓቸውን ወደ ኋላ አድርጌ ማዳመጫውን ደፋሁላቸው፣ ከዛ የት እንደምሆን ስላላወቅኩ ፊታቸው ወለሉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። እኔን ነው የሚያዩት። ምን እየሰሙ እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ውሃው፣ ዛሬም ተሸከምኩት፣ ተው እንግዲህ። ከንፈራቸውን ነከሱ። ትቼው ነው የመጣሁት የሚለው ጋ ሲደርስ ነው መሰለኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ዓይኔን ከፊታቸው ላንሳ አላንሳ ተጨነቅኩ፣ ግን ዳይሬክተሯ ስሚያቸው ያለችኝ ትዝ አለኝ፣ አላነሳሁም።

ከዛ ፉጨቱ ደረሰ። እንዴት አወቅሽ ቢባል፣ አፋቸው ሞጠሞጠ። እኚህ ትልቅ ሴት፣ አዲስ ሹራብ ለብሰው፣ ሁላችንም ፊት አፏጩ። ያንኑ አይደለም። መልሱን ነው። ሁለት አጭር፣ ወደ ታች የሚወርድ።

ጠረጴዛው ጋ ሃምሳ አለቃ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

ሴትየዋ ማዳመጫውን አወለቁ። ለኔ ነው የነገሩኝ፣ ቀስ ብለው። ሲያመሽ እናታችን እንዳትነቃ በር እንድከፍትለት የሚያፏጭልኝ ነው አሉ። እኔ ደሞ መጣሁ ለማለት እንዲህ ነበር የምመልስለት አሉ። ይሄን ከኔና ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም አሉ። እውነት ነው፣ ይሄኛው ነው እውነቱ አሉ።

 ከዛ ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ፣ በጣም በትሕትና፣ ይሄ ቢወጣ ለብዙ ሰው፣ በልባቸው ይዘውት ለሚኖሩ ሁሉ ብላ ጀመረች። ከልቧ ነው፣ ድምጿን አውቀዋለሁ።

«እሱ ለሚስቱ ነው የነገራት» አሉ እህትየው። «የሷ ነው። እሷን ጠይቂ።»

ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሃምሳ አለቃን አላቀፏቸውም፣ አላባረሯቸውምም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና በሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

ዕቃችንን ጠቅልለን ወጣን። መኪና ውስጥ ዳይሬክተሯ፣ ለምን አልነገርሽኝም አለችኝ። ፈራሁ አልኳት። እኔን ነው ወይ አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። መስኮቱን ከፈተችና እስከ ቢሮ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ሰኞ

አላባረረችኝም፣ ግን አላናገረችኝም። ሙሉ ቀን መስታወቱ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ኤዲተሩ ከኋላዋ ቆሞ፣ ይሄ ድምፅ ክፍሉን ሰማይ ያደርሰዋል ሲላት ሰምቻለሁ። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ በሩ ተዘጋ። ጆሮ አጠገቤ ገመድ ይጠቀልል ነበር፣ ከእኔ ሥራ ወስዶ።  አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልተሻል ወይ አለኝ።

ልብሴን ስሰበስብ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሳሙና ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ማክሰኞ

ማታ አባዬ ምን ሆነሻል አለኝ። ምንም አልኩት። እሱን ነዋ ያስተማርከኝ፣ አላልኩትም ግን። ደግ ነው፣ ዝም አይነቅዝም አለኝ።

ይነቅዛል አባዬ አልኩት። ሳላስበው ነው። አይቼዋለሁ፣ ይነቅዛል አልኩት።

 ሬዲዮኑን ዘጋው፣ እንዲሁ ተቀመጥን።

ሐሙስ

ዳይሬክተሯ ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ጥፍር የምታክል የመቅጃው ካርድ አለች። ከቢሮውም ማሽን ላይ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፣ ያለው እዚህ ብቻ ነው አለችኝ። ኤዲተሩ አብዷል አለችኝ፣ ትንሽ ፈገግ ብላ፣ ፈገግታው ግን ያማል። የሷ ነው ተብሏል አይደል፣ ወስደሽ ለሚስትየዋ ስጪያቸው። ይውጣ ካሉ መልሰሽ አምጪው። አይውጣ ካሉ ክፍል ሦስትን ከሌላ ሰው ጋር እንጀምረዋለን።

ልወጣ ስል፣ ማይክ ደግመሽ ሳታነሺ ብትቀሪ ግን አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ረሳሁ እንዳትይኝ፣ መርሳት አይደለም አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ቅዳሜ

በስካርፌ ጫፍ ቋጥሬ ነው የወሰድኳት፣ መንገድ ላይ እንዳትጠፋብኝ በየመቶ እርምጃው እየዳበስኳት። የሃምሳ አለቃ ሚስት በሩን ከፈቱልኝ። ብቻቸውን ናቸው። መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸውና የተባልኩትን ነገርኳቸው፣ ፈቃዱ የእርስዎ ነው አልኳቸው።

ካርዷን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩዋት። ይቺ ናት እንዴ፣ ይቺን ብቻ ነው የምታክለው አሉኝ። አዎ እትዬ አልኳቸው።

«እኔ ይሄን ለመስማት መቼ ማዳመጫ ፈልጌ አውቃለሁ» አሉ።

የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከቷት። አይወጣም በያት አሉኝ፣ ልጅቷ አትከፋ፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን አይወጣም። እሺ አልኳቸው። ከትከሻዬ አንድ ነገር ወረደ፣ ምን እንደነበር እንጃ፣ አንዱ ለራሴ የፈራሁት ነበር።

እንድቀመጥ አስገደዱኝ። ሃምሳ አለቃስ ደህና ናቸው ወይ አልኳቸው፣ ፈራ ተባ እያልኩ። እህትየው ቤት ነው አሉኝ። ለካ ያን ቀን ሃምሳ አለቃ ሊወጡ ሲሉ እህትየው፣ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም ብለዋቸዋል፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ፣ እኔ ያላየሁትን ትነግረኛለህ፣ አንተ ያላየኸውን እነግርሃለሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምረን፣ ውሸት ሳንቀላቅል፣ ወንዙ ጋ እስክንደርስ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ያኔ የምልህን እልሃለሁ።

ሃምሳ አለቃ ወንዙን ይፈሩታል አሉኝ ሚስታቸው። ሌሊት ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው ሄዱ።

ትላንት ደሞ፣ ያቺ ቀጭን ልጅ በኔ ጦስ ተባረረች ወይ ብሎ ጠየቀኝ አሉ። ገና ነች ይበሉልኝ አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ጥርሳቸው ፍንጭት ነው።

ጨለማ ሳይሆን ልሂድ፣ እሳቸውም ሲመጡ እኔን እዚህ እንዳያገኙኝ አልኳቸው።

«ቁጭ በይ ሻይሽን ጠጪ» አሉኝ። «ቶሎ አይመጣም። በወሬያቸው ወንድምየውን ገና ትምህርት ቤት እንኳን አላስገቡትም።»